በየቀኑ ባክዋሽ እየተደረገ ውሃው ለምን ይደፈርሳል?

ጥያቄው የመጣው ቢሾፍቱ ውስጥ የአንድ ሎጅ መዋኛ ገንዳ ከሚንከባከብ ወጣት ነው። (ባክዋሽ ማለት ውሃውን በፊልተሩ ውስጥ ወደ ኋላ አስኪዶ የተያዘውን ቆሻሻ አጥቦ ማስወጣት ነው።) «የአሸዋ ፊልተር ነው ያለን። በፊት የጠገነልን ሰው በየቀኑ ጠዋት ባክዋሽ አድርግ ስላለኝ አንድም ቀን አልዘለልኩም። ውሃው ግን እንደደፈረሰ ነው። የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ ከባክዋሽ በፊትም በኋላም 15 ያሳያል። አሸዋው ይቀየር?»

ወንድሜ፣ አሸዋውን ለጊዜው ተወው። እኔን የያዘኝ «በፊትም በኋላም 15» ያልከው ነው። ጌጅህ ሞቷል ብዬ እገምታለሁ። ፊልተሩንም ሳይቆሽሽ እያጠብከው ነው።

ፓምፑን አጥፋና ጌጁን እየው። ወደ ዜሮ ካልወረደ ጣለው። የፊልተሩን የአየር መልቀቂያ ከፍተህ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ በእንግሊዝ ቁልፍ ፍታው። አዲሱን ጌጅ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ጠቅልለህ እሰረው፤ የታሰረበት ፕላስቲክ ስለሆነ በጣም አታጥብቀው። እባክህ ርካሹን አትግዛ። መርፌው ወዲያው ይጣበቅና ለወራት ሲዋሽህ ይከርማል። ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ይሻላል። ወደ ዜሮ ከወረደ ደግሞ ጌጁ ደህና ነው፤ ግፊቱ ለመጨመር ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ መፍትሔው አንድ ነው፦ የየቀኑን ባክዋሽ አቁም።

ምክንያቱን ልንገርህ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፊልተር አሸዋ ቅንጣት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ውሃ የሚያደፈርሰው ብናኝ ከዚያ እጅግ ስለሚያንስ በቅንጣቶቹ መካከል ሾልኮ ያልፋል። የሚይዘው ቀድሞ የተያዘው ቆሻሻ ነው። ቆሻሻው ክፍተቶቹን ያጠባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ደቃቁም ይቀራል። ጠጅ ሲጠለል አይተህ ከሆነ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ነው፤ ጨርቁ አተላ ሲይዝ ነው እየጠራ የሚመጣው። አንተ በየጠዋቱ ያንን አተላ አጥበህ ትደፋዋለህ። ማታ ፊልተሩ ገና ሥራ ሲጀምር ጠዋት እንደገና ባዶ ታደርገዋለህ። በዚያ ላይ ክሎሪን የገባበት ውሃ አብሮ ይፈስሳል፤ የምትተካው አዲስ ውሃ ደግሞ ያንን ያህል ክሎሪን የለውም።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ እጠበው። ፓምፑን አጥፋ፣ የፊልተሩን ቫልቭ እጀታ ወደ ባክዋሽ አዙር፣ አብራ። በቫልቩ ማያ መስታወት የሚታየው ውሃ እስኪጠራ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃል። አጥፋ፣ ወደ ሪንስ (ማለቅለቂያ) አዙር፣ ለአንድ ደቂቃ አብራ። ሪንስን ከዘለልክ የተረፈው ቆሻሻ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይገባል። አጥፋ፣ ወደ ፊልተር መልስ፣ አብራ።

«አጥፋ» የሚለውን የደጋገምኩት አውቄ ነው። ፓምፑ እየሠራ እጀታውን ፈጽሞ አታዙር! ቫልቩ ውስጥ ያለው ጎማ ይቀደዳል፤ ከዚያ ያልተጣራ ውሃ በጎን ያልፋል። ግፊቱ ቫልቩን ሊሰብርም ይችላል። ፓምፑ በሰዓት ቆጣሪ የሚነሳ ከሆነ ከብሬከሩ አጥፋው።

አሁን ጌጁ የሚያሳየውን በማርከር ፊልተሩ ላይ ጻፍ። 12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ነው እንበል። ቀጣዩ ባክዋሽ ከ8 እስከ 10 ሲጨምር፣ ማለትም 20 ወይም 22 ሲደርስ ነው። ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሳምንትም። ከበዓል በኋላ፣ ሰው ሲበዛ፣ ቶሎ ይደርሳል። ግፊቱ ከጻፍከው በታች ከወረደ ግን ባክዋሽ አያድንህም፤ የፓምፑን ቅርጫት ክፈትና ቅጠሉን አውጣ።

ክሎሪኑና ፒኤች (የውሃው አሲድነት ልኬት) ልክ ሆነው ከሳምንት በኋላም ካልጠራ፣ ያኔ አሸዋውን እንጠርጥር። የቀድሞው ጠጋኝ የግንባታ አሸዋ ሞልቶበት ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያደርጉ አሉ፣ በጣም ያናድደኛል። አፈር የተቀላቀለበትና መጠኑ የተዘበራረቀ አሸዋ መቼም አያጣራም። ገንዳው ወለል ላይ አሸዋ ካየህ ደግሞ ፊልተሩ ውስጥ ከታች ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ተሰብረው ሊሆን ይችላል። ለማየት የፊልተሩን ክዳን የምትከፍተው ብሬከሩ ወርዶ፣ አየሩ ወጥቶ፣ የሚሠራው ጌጅ ዜሮ ሲያሳይ ብቻ ነው። ግፊት ያለበት ክዳን ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል።