ማሽኑን ማን ኮፒ አደረገው?

ጥያቄ፦ ዲኤንኤ እንዲባዛ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ የሚሠራው ከዲኤንኤ በተቀዳ መመሪያ ነው። ታዲያ መጀመሪያ ማን ጀመረው? (ተማሪ ነኝ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ነገር እኔንም እዚያው ሰፈርሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ሲያብሰለስለኝ ነበር። ልጁ ሃንድአውቱን መስታወቱ ላይ ደፋ ያደርገዋል፣ ብርሃኑ ሸርተት ይላል፣ ትኩስ ወረቀት ይወጣል። ማሽኑ ግን ራሱን ኮፒ አያደርግም። የመጀመሪያው ሞለኪውል ወረቀትም ማሽንም መሆን ነበረበት።

ብዙ ተመራማሪዎች አርኤንኤ፣ ማለትም የዲኤንኤ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሞለኪውል፣ ነው ይላሉ። እንደ ዲኤንኤ መረጃ ይይዛል። በዚያ ላይ ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን ልክ እንደ ኢንዛይም (የኬሚካል ሥራ እንደሚያፋጥን ፕሮቲን) እንደሚሠራ አሳይተው በ1989 (እ.ኤ.አ.) የኬሚስትሪ ኖቤል ወስደዋል። እኔን ያሳመነኝ ግን ራይቦዞም ነው። ዛሬም ሴላችን ውስጥ ፕሮቲን የሚገጣጥመው እሱ ነው፤ መገጣጠሚያው ቦታ ደግሞ አርኤንኤ ነው። አሮጌው ማሽን እስካሁን ከሥራ አልወጣም ማለት ነው!

የአርኤንኤ ሰንሰለት እንዴት ረዘመ የሚለው ነው አስቸጋሪው። ሰንሰለቱ የሚሠራባቸው ቁርጥራጮች («ፊደላት» እንበላቸው) ውሃ ውስጥ እንዲሁ አይያያዙም፣ ውሃው መልሶ ይፈታቸዋል። ለዚህ ነው አንዳንዶች እየደረቀ እየረጠበ የሚሄድ ሙቅ ኩሬ ዳር ነው የሚሉት፤ ሲደርቅ ይቀራረባሉ። በ1996 የእነ ጄምስ ፌሪስ ሙከራ ደግሞ ሸክላ አፈር ውስጥ የሚገኝ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል ማዕድን ላይ፣ ለመያያዝ የተዘጋጁ ፊደላት በየጊዜው እየተጨመሩ፣ እስከ 50 ፊደል ገደማ የሚደርስ ሰንሰለት አግኝቷል።

አንዴ መገልበጥ ከተጀመረ ስህተት አይቀርም፣ ስህተት ካለ ደግሞ በተለያዩት ቅጂዎች መካከል ውድድር አለ። በ1967 እነ ሶል ስፒግልማን የቫይረስ አርኤንኤን ከሚገለብጠው ኢንዛይም ጋር ቱቦ ውስጥ ጨምረው፣ ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው 74 ጊዜ አሸጋገሩት። በመጨረሻ ከአርኤንኤው ርዝመት 83 በመቶው ተቆርጦ ጠፋ! አጭሩ ቶሎ ስለሚገለበጥ ረጅሙን ይቀድመዋል። እናንተስ የፈተና ሰሞን «ይሄን ገጽ ዝለለው፣ አይመጣም» እያላችሁ ሃንድአውቱን ሲሶ አታደርሱትም?

እዚያ ግን ኢንዛይሙ ፕሮቲን ነው፣ ጥያቄሽ አልተመለሰም። በ2009 ትሬሲ ሊንከንና ጀራልድ ጆይስ ያለ ምንም ፕሮቲን ሁለት አርኤንኤዎች አንዱ ሌላውን ከሁለት ቁራጭ እየገጣጠሙ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ እጥፍ ሲሆኑ አሳዩ። ቁራጮቹን ሠርተው ያቀረቡላቸው ግን ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው፤ ወረቀቱንም ቀለሙንም ሰው እየሞላለት እንደሚሠራ ማሽን።