ጥናቱ ስለ ማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎች የደረሱን በመሀል አዲስ አበባ ከሚሠሩ የጤናና የማኅበራዊ ድጋፍ ድርጅቶች ነው።

ጥያቄ፦ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ አረጋውያንን ቤት ለቤት እንንከባከባለን። ብዙዎቹ ስለሚወድቁብን በሳምንት አንድ ቀን የእግር ጉዞ ለማስጀመር ፕሮፖዛል አስገባን፤ ለጋሹ «በጥናት የተደገፈ ይሁን» ብሎ መለሰልን። ከየት እንጀምር? ጽሑፎቹን ለማንበብ የሚከፈለውስ ገንዘብ ከየት ይመጣል?
— የፕሮግራም አስተባባሪ

መልስ፦ መመለሱ ሳይጠቅማችሁ አይቀርም። ሐሳቡ ከተወሰነ በኋላ የሚደግፍ ጥናት መፈለግ በድርጅቶች ዘንድ የተለመደ ነው፤ እንዲህ ፈልጎ ያጣም የለም። ከጥያቄው ይጀምሩና በአራት ከፍለው ይጻፉት፦ እነማን (ዕድሜያቸው ከ60 በላይ፣ በገዛ ቤታቸው የሚኖሩ)፣ ምን ይደረግላቸው፣ ከምን ጋር ይነጻጸር፣ ምን ይለወጥ (በዓመት ስንት ጊዜ ወደቁ)። ከዚያ ነጠላ ጥናት ከመያዝዎ በፊት ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መዝኖ የሚያጠቃልል ግምገማ ይፈልጉ።

በእናንተ ጉዳይ፣ የጤና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ግምገማ አለ። 108 ጥናቶችንና ከ23,000 በላይ ሰዎችን ይዟል። የአካል እንቅስቃሴ የመውደቅን ድግግሞሽ በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ያሳያል። ዝርዝሩ ሲነበብ ግን ውጤቱ በዋናነት የመጣው ሚዛን መጠበቅንና የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴን ከሚያለማምዱ ፕሮግራሞች ነው፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ እግር አጋጥሞ መቆም፣ ደረጃ መውጣት የመሳሰሉት። የእግር ጉዞ ብቻውን መውደቅን ይቀንሳል ለማለት በቂ ማስረጃ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአረጋውያን ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ ይመክራል። የእናንተ ዕቅድ በዓይነቱም በመጠኑም አይገጥምም ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት በሀብታም አገሮች ነው። ታዲያ ምኑን ትተን ምኑን እንያዝ? ቦታው፣ ቋንቋው፣ አሠልጣኙ ቢለወጥ ብዙም አይጎዳም። የዕረፍት ቀኑን ከጾምና ከበዓል ጋር ማስማማትም ይቻላል። ድግግሞሹና እየከበደ የሚሄደው የልምምዱ ደረጃ ግን አይነካም፤ ስድስት ወር ሙሉ ወንበር ይዞ መቆም ብቻ ሚዛን አያሠለጥንም። ዱካ ለጀማሪ አይሆንም፤ ዝቅ ስለሚል መነሣቱን ያከብደዋል። መደገፊያ ያለው፣ የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ፤ አጠገባቸውም ሰው ይቁም። የሚያዞራቸው ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ካሉ አስቀድመው በጤና ባለሙያ ይታዩ።

ስለ ገንዘቡ፦ የኮክሬን ማጠቃለያዎች ለማንም ነፃ ናቸው። ለሌሎች መጽሔቶች ሂናሪ የሚባል፣ በዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ አገልግሎት አለ። ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ውስጥ ናት። የሚመዘገበው ግን ግለሰብ ሳይሆን ድርጅት ስለሆነ ሥራ አስኪያጅዎን ያስፈርሙ።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ጥያቄ ባለው የድብርት መጠይቅ 10ና ከዚያ በላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ ሆስፒታል እንልካለን። አብዛኛው «ድብርት የለበትም» ተብሎ ይመለሳል። መጠይቁ ነው ጥፋቱ?
— ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ልደታ

መልስ፦ መጠይቁ የታሰበበትን ሠርቷል፤ እናንተ ግን የማጣሪያውን ውጤት እንደ ምርመራ ወስዳችሁታል። ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለው ይህ መጠይቅ በአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። መቁረጫው (ድብርት ሊኖር ይችላል የሚባልበት ዝቅተኛ ነጥብ) 10 ሲሆን ድብርት ካለባቸው 86 በመቶውን ይይዛል፤ ከሌለባቸው ግን በትክክል ነፃ የሚያወጣው 67 በመቶውን ብቻ ነው። ይህን በቁጥር እንየው። ከ100 ሰው 10ሩ ድብርት አለባቸው ብንል መጠይቁ 9ኙን ይይዛል። ከቀሩት 90 ደግሞ 30 ያህሉን በስሕተት ይጠራል። ወደ 39 ሰው ትልካላችሁ፤ የታመመው 9 ነው።

ከከተማዋ ውጭ በጤና ጣቢያ ታካሚዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት የተሻለው መቁረጫ 5 ነው ብሏል። ሁለቱ አይጣሉም፤ የተጠየቁት ሰዎች ይለያያሉ። ስለዚህ የሌላ ድርጅት «40 በመቶ ድብርት አገኘን» የሚል ሪፖርት ስታነቡ መቁረጫው ስንት እንደነበርና እነማን እንደተጠየቁ ሳታዩ ከራሳችሁ ጋር አታወዳድሩ።

በተግባር ሁለት ደረጃ አድርጉት። 10ና ከዚያ በላይ ያገኘውን በድርጅታችሁ ወይም በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ የሠለጠነ ባለሙያ ያነጋግረው፤ ድካሙ፣ የእንቅልፍ ማጣቱና የምግብ ፍላጎት መቀነሱ ከሌላ ሕመም ወይም ከኑሮ ችግር የመጣ መሆኑን ይለይ። ከዚያ ይላክ። ዘጠነኛው ጥያቄ ግን ድምሩን አይጠብቅም፦ ስለ መሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ከ0 በላይ የመለሰ ሰው ድምሩ 3 እንኳ ቢሆን በዚያው ቀን ይታይ። ጠያቂዎቻችሁ እዚያው በቃላቸው እየተረጎሙም አይጠይቁ፤ የተፈተነውን የአማርኛ ቅጂ እንዳለ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ከመፍረሱ በፊት ለመነሻ ጥናት 200 አባወራ ጠየቅን። አሁን ያገኘነው 120 ብቻ ሲሆን ከእነሱ ግማሹ ተሻሽሏል። «50 በመቶ መሻሻል» ብለን እንጻፍ?
— የክትትልና ግምገማ ባለሙያ

መልስ፦ እንዲህ ብቻውን አይጻፍም። የጠፉት 80 በዕጣ አልጠፉም፤ ወደ ዳር የተዛወሩት ከጤና ጣቢያቸው ርቀዋል፤ ዕድራቸውም ተበትኗል። መጀመሪያ የ120ውንና የ80ውን የመነሻ መረጃ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ ዕድሜ፣ ገቢ፣ የቀበሌ ቤት ወይስ የግል። ከተለያዩ ልዩነቱን በሪፖርቱ ይግለጹ። ቀጥሎ የከፋውን ይቁጠሩ፦ ከጠፉት አንድም ባይሻሻል ከ200 ውስጥ 60 ነው፤ 30 በመቶ። ሁሉም ቢሻሻሉ 140፤ 70 በመቶ። ለጋሹ ሦስቱንም ቁጥር ይይ። የሚያሳፍር ሪፖርት አይሆንም፤ ቁም ነገር ያለው ለጋሽ እንዲያውም ይበልጥ ያምነዋል።

የጠፉትን ለመፈለግ የዕድሩ ጸሐፊ ከወረዳው መዝገብ ሊበልጥ ይችላል። ወደፊት በመነሻው ቀን፣ በፈቃዳቸው፣ አንዱ ሌላ ቤት የሚኖር ዘመድ የሆነ ሁለት ስልክ ይያዙ።

እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ማነጻጸሪያ ይሆነናል ብላችሁ ከሆነ፣ አኀዙ ለአዲስ አበባ በጠቅላላው ነው። ወደ ክፍለ ከተማ አይወርድም።

ጥያቄ፦ የተጠቃሚዎችን እርካታ ለመጠየቅ የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልጋል?
— ፒያሳ

መልስ፦ ለራሳችሁ አገልግሎት ማሻሻያ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ለማሳተም ካሰባችሁ ግን መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ለገምጋሚ ኮሚቴ አቅርቡ፤ ከተሰበሰበ በኋላ ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው። በሁለቱም መንገድ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ይመለከታችኋል፤ የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ነው። ስሙ በአንድ ፋይል፣ መልሱ በሌላ ፋይል፣ የሚያገናኛቸው የቁጥር ኮድ ብቻ ይሁን። ስምና የምርመራ ውጤት አንድ ላይ ያለበትን ኤክሴል በቴሌግራም ግሩፕ መላክ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።