መልስ፦ ጽጌረዳው ውኃ ውስጥ እያለ ለምን ይጠወልጋል?

ጤና ይስጥልኝ። ከሆለታ ሲመለሱ የገዙት ጽጌረዳ በየቀኑ ውኃ ቢጨምሩለትም በሦስተኛው ቀን አንገቱን እንደደፋ ጽፈዋል። እኔም ቡራዩ ስለምኖርና አበባ ከቤቴ ስለማይጠፋ ይህ ብዙ ጊዜ ደርሶብኛል፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የውኃው ማነስ ሳይሆን መቆሸሹ ነው። በአሮጌው ላይ አዲስ ውኃ ሲጨመር ባክቴሪያ ይራባና በግንዱ ውስጥ ውኃ የሚያሳልፉትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደፍናል፤ ስለዚህ ማስቀመጫው ሙሉ እያለ አበባው ይጠማል። ግንዱን ከሥሩ ሲዳስሱት የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ይኸው ደርሶበታል ማለት ነው።

ውኃውን በየሁለት ቀኑ ሙሉ በሙሉ ይለውጡ፤ ማስቀመጫውንም በሳሙና አጥበው፣ ከግንዱ ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በስለታም ቢላዋ ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ። ውኃ ውስጥ የሚገባ ቅጠል አይተዉ፤ ይበሰብሳል። ለ1 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና መጨመር ይጠቅማል፤ ስኳሩ ብቻውን ግን ባክቴሪያውን ስለሚመግብ ያለ በረኪና ባይሞክሩት እመክራለሁ። ከበሰለ ሙዝ አጠገብም አያስቀምጡት፤ ከሙዙ የሚወጣው ኤትሊን የተባለው ጋዝ አበባን ቶሎ ያስረጃል።

አሁን አንገቱን የደፋውን አይጣሉት። ግንዱን እንደገና ቆርጠው ከነአበባው ቀዝቃዛ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል አጋድመው ይንከሩት፤ ብዙዎቹ ቀና ይላሉ።

ቅጠሉ ቢጫ ስለሆነው የማሰሮ ተክልዎ ደግሞ፣ በተለይ በክረምት፣ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ አስገብተው ደርቆ ካላገኙት ውኃ አይስጡት።