የተማሪዎች ቴሌግራም ግሩፕ ዝም ሲል

ሰላም መምህርት። «ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩላቸው፤ ሁሉም ገቡ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ከእኔ በቀር የሚጽፍ ጠፋ፤ ምን ላድርግ?» ብለው የጠየቁትን አይቼ ነው። እኔ እዚህ ጅማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ እንዲህ ያለ ግሩፕ ማስተዳደር ከጀመርኩም ዓመታት ሆኖኛል። ልጆቹ ሰንፈው አይመስለኝም። በስልክ ብቻ የሚማር ልጅ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ዳታም ድፍረትም ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም ቶሎ ያልቁበታል።

የዳታው መላ ቀላል ነው። ከጅማ ዙሪያ ከሰቃ ወይም ከዴዶ የሚመጣ ተማሪ የሚይዘው ስልክ ብዙ ጊዜ የወንድሙ ነው፤ ካርድ የሚሞላውም ሲገኝ ነው። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ከለቀቁበት በመቶ የሚቆጠር ሜጋ ይበላበታል። የአንድ ደቂቃ ድምፅ ግን አንድ ሜጋ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ሠርቼ አንድ ፎቶ እለቅና ከሥሩ በድምፅ አብራራለሁ። ፒዲኤፍ ከሆነ በምዕራፍ ቆርጬ ነው የምልከው። አዲስ የገባ ልጅ ደግሞ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድበት ያጠፋል፤ እንዴት እንደሚጠፋ የሚያሳየው ስክሪንሾት ፒን ተደርጎ ተቀምጧል።

ከባዱ ድፍረቱ ነው። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ ከ2016ቱ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ጓደኞቹ በሙሉ እያዩት «አልገባኝም» ብሎ መጻፍ፣ ከወዳቂዎቹ ወገን ነኝ ብሎ እንደማወጅ ይከብደዋል።

አንዲት ተማሪ ግሩፑ ላይ አንድም ቃል ሳትጽፍ ማታ ማታ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ይሄ አልገባኝም» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን የላከችው ጥያቄ 4 ሞል (ሞል በኬሚስትሪ የቁስ መጠን መለኪያ ነው) ሃይድሮጅንና 3 ሞል ኦክስጅን ውሃ ሲሠሩ ቀድሞ የሚያልቀው የቱ ነው የሚል ነበር። እሷ «ኦክስጅን፣ ቁጥሩ ስለሚያንስ» ብላለች። አስፈቀድኳትና ስሟን ሳልጠቅስ ግሩፑ ላይ አወጣሁት። ወዲያው «እኔም እንደዛ ነው የሠራሁት» የሚል በላይ በላይ መጣ። እኔ ዝም አልኩ። ቆይቶ አንድ ልጅ በኦሮምኛ ድምፅ ላከ፤ ለአንድ ስኒ ቡና ሁለት ማንኪያ ስኳር ከሆነ፣ 3 ስኒ ቡናና 4 ማንኪያ ስኳር ብቻ ቢኖራችሁ የሚያልቅባችሁ ስኳሩ ነው፤ ውሃ ለመሥራት ለአንድ ኦክስጅን ሁለት ሃይድሮጅን ስለሚያስፈልግ ሃይድሮጅኑም እንደዚያው ነው አለ። እኔ ክፍል ውስጥ ካስረዳሁት ይልቅ ያኛው ገባቸው። ልጅቷ በሳምንቱ በራሷ ስም ጠየቀች።

ስለዚህ መምህርት፣ እባክዎ ቶሎ አይመልሱ። አስተማሪ በደቂቃ ውስጥ መልስ የሚሰጥበት ግሩፕ ላይ ሌላው ለመሞከር ምክንያት የለውም። እኔ ቀን የተጠየቀውን እስከ ማታ ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ፤ የተሳሳተ መልስ ቢመጣ እንኳ የመለሰውን አመስግኜ ነው የማርመው። በቋንቋም አይያዟቸው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ልጁ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጠይቅ፣ ፊደሉንም እንደፈለገ ይጻፈው።

ሴቶቹ ዝም ካሉ ግን ሌላም ነገር ይመልከቱ። ግሩፑ ላይ ስማቸው በታየ ማግስት የማያውቁት ሰው በውስጥ መስመር ያስቸግራቸዋል፤ ለማንም ሳይናገሩ ይወጣሉ። ሊንኩን የትም አይበትኑት፤ የሚገባው ሰው በአድሚን እየታየ ይግባ። ስልክ ቁጥራቸውን ማንም እንዳያይ ሴቲንጉ ላይ እንዲዘጉ ያሳዩአቸው። የሚያስቸግር ከተገኘ ወዲያው ይውጣ፣ ለምን እንደወጣም ለሁሉም ይነገር። ፈተና ሲቃረብ «ፈተናው ወጥቷል፣ በዚህ ቁጥር ብር ላኩ» የሚሉትም እንዲሁ፤ የጨነቀው ልጅ የለቃቀመውን ብር ነው የሚወስዱበት።

የእኛ አካባቢ ጠባይ ደግሞ አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል፤ ከጎማና ከሊሙ የሚመጡት ቤተሰብ ሊያግዙ ሲሄዱ ለሳምንታት ይጠፋሉ። ሲመለሱ ያልተነበበ መልእክት ተከምሮ ሲያዩ ግሩፑን ይተዉታል። ስለዚህ አርብ አርብ አንድ ተማሪ በተራው የሳምንቱን ጥያቄና መልስ በአንድ መልእክት ይጠቀልላል፤ ያ መልእክትም ፒን ይደረጋል። የጠፋ ልጅ ሲመለስም «የት ነበርክ?» አንለውም፤ የጠቀለልነውን እንልክለታለን።

ነገ መጀመር ከፈለጉ ማታ አንድ ጥያቄ በኩዊዝ ይልቀቁ፤ ማን ምን እንደመረጠ እንዳይታይ አድርገው፣ መልሱ ለምን እንደሆነም አጭር ማብራሪያ ጨምረው። ስንት ሰው እንደመለሰ ቁጥሩን ይዩ። ዝም ያሉት ብዙዎቹ እያነበቡ ነው። ከዚያ ብዙዎቹ የሳቱትን ጥያቄ ያንሱና «ይህን የመረጣችሁ ምን አስባችሁ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ሲመልሱልዎም ጊዜ ይስጧቸው።