ከወሎ ጋራ የወረደ ዝናብና የሜዲትራኒያን ጥቁር ጭቃ

ከደሴ፣ ሸዋ በር፦ ጤና ይስጥልኝ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ልጄ «የምድር ምሕዋር ሲለዋወጥ የባሕር ውሃም ንብርብሩ ይለወጣል» ብሎ ድርቅ አለብኝ። ባሕር ያው ውሃ ነው፣ ምን ንብርብር አለው? ማናችን ነን ልክ?

ልጅዎ ረትቷል። ባሕር ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ውሃ አይደለም። ላይኛው በፀሐይ የሞቀና ቀላል ነው፣ ታችኛው ቀዝቃዛና ከባድ፤ ነፋስ ካላናወጠው ቶሎ አይደባለቁም። ጨው ያነሰበት ውሃም ቀላል ስለሆነ ከላይ ይተኛል። ይቺን ያዙልኝ፣ ወሎ የምትገባው በዚህ በኩል ነው።

ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነ አንዴ ትቀርባለች፣ አንዴ ትርቃለች። ዛሬ በጣም የምትቀርበው ታኅሣሥ 25 አካባቢ ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። የምትርቀው ደግሞ ሰኔ መጨረሻ፣ ክረምታችን ሲገባ፣ 152 ሚሊዮን ላይ። ግን ዛቢያዋ ሊቆም ሲል እንደሚንገዳገድ እንዝርት ቀስ ብሎ ስለሚዞር ይህ ቀን ይንሸራተታል፣ ከ19 እስከ 23 ሺህ ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ወራቱን ሁሉ ያዳርሳል። ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች ይህን ሁሉ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን በእጁ ነው ያሰላው፣ እኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከ11 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ለፀሐይ የምንቀርበው በክረምት! የሰሜን አፍሪካ ምድር በኃይል ጋለ፣ እርጥብ ነፋስ ሳበ፣ ዝናቡም በረታ። ሰሐራ ሣርና ሐይቅ አበቀለ። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ላይ የምታገኙት ቦርከና አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ የሚያልቅበት አቤ ሐይቅ ያኔ ከዛሬው በብዙ እጥፍ ይሰፋ ነበር። ከኩታበር በኩል የሚነሳው በሽሎ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ዓባይ ይገባና ሜዲትራኒያን ድረስ ይሄዳል።

እዚያ የሆነውን ልብ በሉ። ከእኛ ደጋ የወረደው ጨው አልባ ውሃ በጨዋማው ባሕር ላይ ተዘርግቶ ተኛ። በሌላ ጊዜ በአውሮፓ የብርድ ወራት ላይኛው ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ኦክስጅን ይዞ ወደ ታች ይሰምጣል። አሁን ግን በጣም ስለቀለለ መስመጡን ተወ። ታችኛው ታፈነ። ከባሕሩ ወለል ትሉም ቀንድ አውጣውም ጠፋ፣ ከላይ የሚወርደው በድንም ሳይበሰብስ ተከማቸ። ዛሬ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ወለል ጭቃ በረጅም ቱቦ ሲወጣ፣ ፈዛዛ ቀለም ባለው ደለል መሃል ጥቁር ንብርብር ቁጭ ብሎ ይገኛል። አንዳንዱ እንደ ክር ቀጭን በሆኑ መስመሮች የተሠራ ነው፣ የሚያምሰው ትል አልነበረማ። የመጨረሻው የተጣለው ከ10 ሺህ እስከ 6 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ከሥሩ ደግሞ ሌሎች አሉ፣ የምሕዋሩን ዑደት እየጠበቁ የተጣሉ። ማርቲን ሮሲኞል ስትሪክ የተባለች ተመራማሪ በ1983 እ.ኤ.አ. ይህን ጭቃ ከአፍሪካ ክረምትና ከምሕዋሩ ጋር አያያዘችው።

በሞቃታማው ፓስፊክም ዑደቱ አለ፣ እዚያ ግን ሥራው የነፋስ ነው። ነፋሱ የሞቀውን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋል፣ ስለዚህ በፔሩ በኩል ቀዝቃዛው ለላይ ይቀርባል። ፀሐይ የምትቀርብበት ወር ሲቀየር የነፋሱ ጉልበትም ይቀየራል፣ የሞቀው ንብርብር ውፍረትም እንዲሁ። ይህ የሚነበበው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ከሆኑ የባሕር ፍጥረታት ዛጎሎች ነው። ከላይ የሚኖረውንና ከታች የሚኖረውን ለይቶ ኬሚካላቸውን ማወዳደር ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ታዲያ የ2007/08ቱ ድርቅም የዚሁ ዑደት ነው?

አይደለም። ያ ኤልኒኖ ነው፤ የፓስፊኩ ነፋስ ደክሞ የሞቀው ውሃ ወደ ምሥራቅ ተመለሰ፣ የእኛም ክረምት ሳሳ። ይሄ በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣ ነው፣ ምሕዋሩ ግን በሺህ ዓመታት ነው የሚሠራው። የአሁኑን ሙቀትም በምሕዋር ማመካኘት አይቻልም፣ በ150 ዓመት ውስጥ የምሕዋሩ ለውጥ ከቁጥር አይገባም። በአየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከሚሊዮን 280 ክፍል ተነስቶ 420 አልፏል፣ ያንን ያደረግነው እኛው የሰው ልጆች ነን። ስለ መጪው ክረምት ማወቅ ከፈለጉ፣ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ሲያወጣ ስለ ፓስፊክ ሙቀት የሚለውን ጆሮ ሰጥተው ያዳምጡ።