ድልድዩን ቆጥረው ይውጡ፦ ስለ ጥንታዊ የወንዝ ዳር ከተሞች የእግር ጉዞ ጥያቄና መልስ

ወንዝ ዳር የተቆረቆሩ አሮጌ ከተሞችን በእግር ስለማየት ከደረሱን ጥያቄዎች ሰባቱን መርጠናል። አንዳንዱ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል።

ጥያቄ፦ የስልኬ ካርታ መንገዱ 5 ኪሎ ሜትር ነው፣ 1 ሰዓት ይፈጃል ብሎኝ ነበር። ከ2 ሰዓት በላይ ወሰደብኝ። እኔ ነኝ የዘገየሁት?

የለም፣ አልዘገዩም። ካርታው የሚያሰላው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሚራመድ ሰው ነው። ያ ሰው ደልዳላ መንገድ ላይ ነው፤ ቀና ብሎ የሚያየው ጣሪያ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያነበው ጽሑፍ የለውም። አሮጌ ከተማ ውስጥ ኮብልስቶኑ ራሱ እርምጃ ያሳጥራል።

ሒሳቡን እንዲህ ይሥሩት። መጀመሪያ ፍጥነቱን በሰዓት ወደ 4 ኪሎ ሜትር ያውርዱት፤ 5 ኪሎ ሜትሩ 75 ደቂቃ ይሆናል። ቀጥሎ አቀበቱን ይደምሩ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ደንብ ለ600 ሜትር አቀበት 1 ሰዓት ይጨምራል፤ ለ10 ሜትር 1 ደቂቃ ማለት ነው። ከላይኛው መንገድ ወደ ውኃው ወርዶ መመለስ 15 ሜትር አቀበት ቢኖረውና ስድስት ጊዜ ቢመላለሱ፣ 90 ሜትር ወጡ፤ 9 ደቂቃ ይጨመራል። ሰው ድካሙ ሁሉ ከደረጃው የመጣ ይመስለዋል እንጂ ጊዜውን የሚበላው መቆሙ ነው። ስምንት ቦታ ላይ አምስት አምስት ደቂቃ ቢቆሙ 40 ደቂቃ ሄደ። ድምሩ 124 ደቂቃ። የእርስዎም ሰዓት ይኸው ነው። ለሚቀጥለው ጉዞ ማረፊያውን ጨምሮ በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ይያዙ፤ ብዙም አይስቱም።

ጥያቄ፦ ዙሪያ መንገድ ላወጣ ፈልጌ ነበር። ከየትኛው ዳር ልጀምር?

ከዳሩ በፊት ድልድዮቹን ይመልከቱ። ወንዝ ዳር የሚወጣ ዙሪያ መንገድ በሁለት ድልድዮች መሀል የሚታሰር ገመድ ነው፤ ርዝመቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ካርታ ላይ ድልድይ ስላዩ ብቻ በእግር ይሻገሩታል ማለት አይደለም። የባቡር ወይም የፈጣን መንገድ ድልድይ ሆኖ የእግረኛ መስመር ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ካርታውን አጉልተው በድልድዩ ላይ ለእግረኛ የተሰመረ ቀጭን መስመር መኖሩን ያረጋግጡ። ሁለተኛው ድልድይ ለጥገና ቢዘጋ ቀጣዩ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነም አስቀድመው ይወቁ። የ4 ኪሎ ሜትር ሽርሽር 9 የሚሆነው በዚህ ነው። ሦስት ድልድይ ካለ በስምንት ቁጥር ቅርጽ መሄድ ይሻላል፤ የደከመው ሰው መሀል ላይ ተሻግሮ ወደ መነሻው ይመለሳል።

ወደ ዳሩ ስንመጣ፣ «ቀኝ ዳር» እና «ግራ ዳር» የሚባለው ፊትን ውኃው ወደሚሄድበት አዙሮ ነው፤ መመሪያ ሲያነቡ ይህን ካልያዙ ሁሉም ይገለበጥብዎታል። አንድን አሮጌ ሰፈር በደንብ የሚያዩት ከማዶ ሆነው ነው። ከምድር ወገብ ራቅ ብሎ በስተሰሜን ያለ ከተማ ከሆነና አሮጌው ሰፈር በወንዙ ሰሜናዊ ዳር ከተሠራ፣ ፀሐይዋ ቀኑን አብዛኛውን በደቡብ በኩል ስለምትውል ግድግዳውን ፊት ለፊት ታበራዋለች። ያኔ በደቡቡ ዳር ይሂዱ። አሮጌው ሰፈር በደቡቡ ዳር ከሆነ ግን ቀትር ላይ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት፤ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሞክሩ።

ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ደግሞ ሁለቱ ዳሮች እኩል አይደሉም። ውኃው በእጥፋቱ ውጭ በኩል እየቦረቦረ ገደል ያበጃል፣ በውስጥ በኩል ደለል ያስቀምጣል። ደረጃው በውጭ በኩል ይበዛል፤ ደልዳላው መንገድ በውስጥ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ጉራንጉር ውስጥ ስገባ ጂፒኤሱ ያብዳል። ነጥቡ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይዘላል። ምን ላድርግ?

ያበደው ስልኩ አይደለም። ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት ከረጃጅም ግድግዳዎች ላይ እየነጠረ ስለሚደርሰው ርቀቱን ያዛባበታል። ጠባብ ቅያስ ውስጥ ጎረቤት መንገድ ላይ ቢያሳይዎ አይግረምዎት። አደባባይ ወይም ድልድይ ላይ ወጥተው ግማሽ ደቂቃ ይቁሙ፤ ይረጋል።

እስከዚያው መሬቱን ይጠይቁት። ብዙዎቹ የወንዝ ዳር ከተሞች አንድ ወይም ሁለት ዋና መንገድ ከወንዙ ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ ከእነዚያ ደግሞ ዕቃ ይወርድባቸው የነበሩ ጠባብ ቅያሶች ወደ ውኃው ይወርዳሉ። ቁልቁል ከሄዱ ወንዝ ያገኛሉ። ብዙዎቹ ቅያሶች ግን ውኃው ጋ ሲደርሱ ይዘጋሉ፤ ወደ ጎን መሄጃ የላቸውም። መውረድዎን ያስቡበት።

ይህ ዘዴ የሚያሳስተው ወንዙ ከተማውን በሚከብበት ቦታ ነው። በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ የአሬ ወንዝ አሮጌውን ከተማ በሦስት በኩል ይዞረዋል፤ የእንግሊዙ ደርሃምም እንዲሁ ነው። እዚያ በሦስት አቅጣጫ ቁልቁል ቢሄዱ ሦስቴም ወንዝ ጋ ይደርሳሉ፣ ግን ሦስት የተለያየ ቦታ ነው። ያኔ የቱ ጋ እንዳሉ ለመለየት የውኃውን አካሄድ ይዩ። የወንዙን መሀል እንጂ ዳሩን አይመልከቱ፤ ከዳር ያለው ውኃ እየዞረ ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል፣ ነፋስ የሚያስነሣው ሞገድም ይዋሻል። የሚንሳፈፍ ቅጠል አይዋሽም።

ፓሪስ ውስጥ ከሆኑ ነገሩ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1805 ጀምሮ ባለው ሥርዓት ከሴን ወንዝ እየራቁ የሚሄዱ መንገዶች የቤት ቁጥራቸው ከወንዙ ይጀምራል፤ ከወንዙ ጎን የሚሄዱት ደግሞ ውኃው ወደሚፈስበት ይጨምራል። ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ ወይ ወደ ወንዙ ነው፣ ወይ ወደ ላይኛው ውኃ።

ጥያቄ፦ ዝናቡ ካባራ በኋላ በታችኛው የውኃ ዳር መንገድ መሄድ ችግር አለው?

ሰማዩን ሳይሆን ወንዙን ይመኑ። ትልቅ ወንዝ የሚሞላው ከላይ፣ ሩቅ በዘነበ ዝናብ ነው፤ ውኃው በማግስቱ ወይም ከዚያም ቆይቶ በጠራ ፀሐይ ሊደርስ ይችላል። ቀድሞ የሚሰጥመው በድልድይ ሥር የሚያልፈው መተላለፊያ ነው፤ ብዙ ጊዜ የመንገዱ ዝቅተኛው ቦታ እሱ ነው። ከግድግዳ ወይም ከምሰሶ ላይ ቁጥር ያለበት የውኃ መለኪያ ካዩ ቁጥሩን ያዙ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ከፍ ብሎ ካገኙት ይውጡ።

ውኃ የሸፈነው መንገድ ላይ አይግቡ፣ ቁርጭምጭሚት ቢሆንም። በኃይል የሚወርድ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል፤ የመንገዱ ጠርዝ የት እንደሚያልቅም አይታይም። ውኃው ሲጎድልም የሚቀረው ስስ ደለል እንደ ሳሙና ነው።

ባሕር አጠገብ ያሉ ወንዞች ሌላ ጣጣ አላቸው፤ ያለ ዝናብም ይነሣሉ። የባሕሩ ውኃ በየ12 ሰዓት ተኩል ገደማ እየገፋ ይመጣል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ይበረታል። ለንደን ውስጥ በሪችመንድና በትዊክንሃም የቴምዝ ዳር መንገድ በእነዚያ ቀናት ውኃ ይገባዋል። የሰዓቱ ሠንጠረዥ ቀድሞ ስለሚወጣ ከመነሣትዎ በፊት ይዩት።

ጥያቄ፦ አሮጌ ግድግዳ ላይ ዓመተ ምሕረት ያለባቸው አግድም መስመሮች አየሁ። ምንድን ናቸው?

የጎርፍ ምልክቶች ናቸው። መስመሩ ውኃው የደረሰበት ከፍታ፣ ቁጥሩ ቀኑ ወይም ዓመቱ ነው። ሦስት ወንዞች በሚገናኙባት በጀርመኗ ፓሳው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጣው ጎርፍ ከ1501 ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። በጣሊያኗ ፍሎረንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1966 የደረሰውን ጎርፍ የሚያሳዩ ሰሌዳዎች ከሰው ቁመት በላይ ተሰቅለዋል። ሲያነቡ ግን አንድ ነገር ያስቡ፦ ግድግዳው ሲታደስ ድንጋዩ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተተክሎ፣ መንገዱም በየዘመኑ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል።

አሮጌ ድልድይ ሥር ካለፉ ደግሞ የቅስቱን ጥግ በእጅዎ ይዳስሱ። ጣት የሚያስገቡ ጎድጓዳ መስመሮች ካሉ፣ ጀልባ ከዳር ሆነው በሚጎትቱ ገመዶች የተፋቁ ናቸው።

ጥያቄ፦ በዊልቸር ወደ ውኃው መውረድ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል?

ቦታ ስለማይበቃ ነው። ለዊልቸር ተስማሚ የሚባለው ተዳፋት ለ1 ሜትር ቁልቁለት 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። 15 ሜትር ለመውረድ 180 ሜትር ተዳፋት፣ ማረፊያው ሳይቆጠር ማለት ነው። በአሮጌ ከተማ ይህን ማን ያገኛል? ስለዚህ ሊፍት ካለ ይፈልጉ፤ ከሌለ በላይኛው መንገድ እየሄዱ በድልድዮቹ ላይ ሆነው ውኃውን ማየት ይሻላል። ጀልባ የሚወርድበትን ተዳፋት አይሞክሩ፤ ቀጥ ያለ ነው፣ አረንጓዴ አልጌም ይዞታል።

ጥያቄ፦ ምን ጫማ?

ሶሉ ለስላሳ ጎማ የሆነ፣ ጥርስ ያለው፣ አዲስ ያልሆነ። ብዙ እግር የረገጠው የኖራ ድንጋይ በደረቁም ይንሸራተታል፤ በቦስኒያዋ ሞስታር በአሮጌው ድልድይ ንጣፍ ላይ ተሻጋሪ እንዳይወድቅ አግድም የድንጋይ ጉብታዎች የተደረጉት ለዚሁ ነው። እግርዎን ጉብታው ላይ ሳይሆን ከጉብታው ሽቅብ በኩል ያሳርፉ።