ልጅን ቤት አስተምሮ ከሁለተኛ ደረጃ ማስመረቅ፦ የቨርጂኒያ ሕግ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብቷል፤ በትምህርት ቤቱ የሚያየው ጠብና ሱስ ስላሳሰበን ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ቤት ልናስተምረው ወስነናል። እኔ 12ኛ ክፍል የጨረስኩት ኢትዮጵያ ነው። «ልጁን ካስቀረሽ መንግሥት ይወስድብሻል» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ሕጉ ይፈቅድልናል? ዲፕሎማውንስ ማን ይሰጠዋል? ኮሌጅስ ይቀበለዋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በቅድሚያ ያስፈራዎትን ነገር ላንሳ። በቨርጂኒያ ወላጅ ልጁን ቤት ማስተማር በሕግ የተፈቀደለት ነው፤ በዚህ ብቻ ልጅ ከወላጁ አይወሰድም። ችግር የሚመጣው ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ወላጅ ለሚመለከተው ክፍል ሳያሳውቅ ሲቀር ነው። እስከ 18 ዓመት ድረስ መማር ግዴታ በመሆኑ፣ ሳያሳውቁ ቢያስቀሩት ትምህርት ቤቱ ያለፈቃድ እንደቀረ ይመዘግበዋል፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ እስከ 500 ዶላር የሚያስቀጣ ጥፋት ሊሆን ይችላል። መቀጮው ትንሽ ቢመስልም፣ ዜግነት ለሚያመለክት ሰው በማመልከቻው ላይ የሚገለጽ መዝገብ ስለሚሆን አቅልለው እንዳያዩት አሳስባለሁ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ልጅዎን ቤት ለማስተማር መወሰንዎን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለከተማው የትምህርት ቤቶች ሱፐርኢንተንደንት (የበላይ ኃላፊ) በጽሑፍ ያስገባሉ። ይህ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 መግባት ያለበት ነው፤ የእርስዎ ልጅ ግን የሚወጣው ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ስለሆነ ማስታወቂያውን በተቻለ ፍጥነት አስገብተው ቀሪውን በ30 ቀን ውስጥ ማሟላት ይችላሉ። አብሮ የሚያያዘው የሚያስተምሯቸው ትምህርቶች ስም ዝርዝር ብቻ ነው፤ የመጻሕፍት ዝርዝርም ሆነ የሰዓት ሠንጠረዥ ሕጉ አይጠይቅም። ማስታወቂያው መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ከእጅዎ ሳይገባ ልጁን አያስቀሩ፤ ማስረጃው እንደደረሰዎት ልጁ መልቀቁን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ይስጡና ቅጂውን ያስቀሩ።

ሕጉ ወላጅ እንዲያሟላ የሚጠይቀው ከአራት አማራጮች አንዱን ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም ከዚያ በላይ ማስረጃ መያዝ ሲሆን፣ የኢትዮጵያውን የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትዎን በዚህ ማቅረብ ይችላሉ፤ የሱፐርኢንተንደንቱ ጽሕፈት ቤት በውጭ አገር ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት እንዲታይ ሊጠይቅዎት እንደሚችል ግን አስቀድመው ይወቁ። ግምገማው ጊዜና ገንዘብ የሚወስድ ከሆነ ከአራቱ በሌላው አማራጭ መሄድ ይሻላል፦ ለልጁ የተዘጋጀ ሥርዓተ ትምህርት፣ ለምሳሌ የርቀት ትምህርት ፕሮግራም፣ ማቅረብዎን ማሳየት ብቻውን ይበቃል። ከአራቱ አማራጮች ውጭ፣ በሃይማኖት ምክንያት ከግዴታው ነፃ የሚሆኑበት ሌላ መንገድም አለ፤ እርስዎ ያነሱት ምክንያት ግን ያንን የሚመለከት አይደለም።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባሉ። ይህ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጥ መመዘኛ ፈተና ውጤት ሊሆን ይችላል፤ አጠቃላይ ውጤቱ አራተኛ ስታናይን (ውጤት በዘጠኝ ደረጃ የሚከፈልበት መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ይኸውም በግምት ከመቶ ተፈታኞች ከ23ቱ የተሻለ ማለት ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ልጅዎ አሜሪካ ከገባ ብዙ ካልቆየ የመምህርነት ፈቃድ ያለው ሰው ሥራውን አይቶ የሚጽፈውን የግምገማ ደብዳቤ እመርጥልዎታለሁ። ማስረጃው ካልቀረበ ወይም በቂ ሆኖ ካልተገኘ ለአንድ ዓመት በክትትል ሥር ሊያስተምሩ ይችላሉ፤ በሱፐርኢንተንደንቱ ውሳኔ ካልተስማሙም በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት መብትዎ ነው።

አሁን ወደ ዲፕሎማው። ቨርጂኒያ ቤት ለተማረ ልጅ የመንግሥት ዲፕሎማ አትሰጥም፤ ዲፕሎማውንም ትራንስክሪፕቱንም (የትምህርትና የውጤት ዝርዝሩን) የሚያዘጋጁትና የሚፈርሙበት እርስዎ ነዎት። ይህ ነፃነት የሚጠቅመው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መዝገብ ለያዘ ወላጅ ነው፤ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ከትዝታ የሚጻፍ ትራንስክሪፕት ኮሌጅ ዘንድ ያስጠይቃል። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለመደበኛ ዲፕሎማ 22 ክሬዲት ይጠይቃሉ፤ አንድ ክሬዲትም 140 ሰዓት ትምህርት ነው። እርስዎ በዚህ አይገደዱም፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ አራት፣ ሒሳብ ሦስት፣ ሳይንስ ሦስት፣ ታሪክ ሦስት እያሉ በዚሁ መለኪያ ቢይዙት የኮሌጁ የመግቢያ ክፍል አንብቦ ይረዳዋል። ለያንዳንዱ ትምህርት የተጠቀሙበትን መጽሐፍ፣ የሰዓቱን ብዛትና የልጁን ጽሑፎችና ፈተናዎች ናሙና በአንድ ፋይል ያኑሩ። አማርኛን ማንበብና መጻፍ በሥርዓት ካስተማሩትም በውጭ ቋንቋነት ሊመዘግቡት ይችላሉ፤ የሚያመለክትበት ኮሌጅ መቀበሉን ግን አስቀድመው ይጠይቁ።

ለዚህ ሁሉ ደጋፊ የሚሆነው ከውጭ የመጣ ውጤት ነው። ልጅዎ ከፍ ሲል በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በጥምር ምዝገባ (ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ የኮሌጅ ኮርስ በሚወሰድበት መንገድ) ኮርስ ቢወስድ፣ የኮሌጁ ትራንስክሪፕት ለዓመታዊው ማስረጃም ለኮሌጅ ማመልከቻም ያገለግላል። የኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ፈተና) እና የፒኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና መለማመጃ) ፈተናዎችን ቤት ለሚማሩ ልጆች ማመቻቸት በሕግ የትምህርት ቦርዱ ግዴታ ስለሆነ የምዝገባውን ቀን በመከር ወራት ይጠይቁ። የፌዴራል የትምህርት ድጋፍን በተመለከተ፣ በክልሉ ሕግ መሠረት ቤት ተምሮ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀ ተማሪ ብቁ ነው፤ ድጋፉ በሚጠየቅበት የፋፍሳ ቅጽ ላይም «ቤት የተማረ» የሚለውን ይመርጣል፤ ጂኢዲ (ከሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ጋር አቻ የሆነ የፈተና ማስረጃ) የግድ አያስፈልገውም።

ሳይወስኑ ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ልጁ በ11ኛ ክፍል ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ልመለስ ቢል፣ ቤት ያገኘውን ክሬዲት መርምሮ የትኛውን እንደሚቀበል የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ወደ ኋላ የሚቀርበት ሁኔታ ሊኖር ይችላል። በዚህ ላይ የ14 ዓመት ልጅ የራሱ አሳብ አለውና ማስታወቂያው ከመግባቱ በፊት እሱንም ያማክሩት።

ይህ ምላሽ የቨርጂኒያን ሕግ ብቻ የሚመለከት ነው። በሥራም ሆነ በቤት ኪራይ ምክንያት የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ከገባችሁ፣ እዚያ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) የልጁን የሥራ ፋይል በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊመለከት ስለሚችልና ማስታወቂያውም ሌላ ስለሆነ፣ ከመዛወራችሁ አስቀድማችሁ የዚያን ካውንቲ ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ።